እትዬ አንቱ «አንተ» ያሉ ዕለት

እትዬ አንቱ የሚለው ስም የወጣላቸው በቀልድ ነው። በልብስ ማጠቢያ ቤታችን ሁላችንም አንተና አንቺ ነን፤ እሳቸው ግን አንቱ የማይሉት ፍጥረት አልነበረም። ልብስ ተኳሹን አንቱ፣ በዕድሜ ልጃቸው የምትሆነውን እንግዳ ተቀባይ አንቱ፣ ቁልፍ ስተክልና ዚፕ ስቀይር የምውለውን እኔን አንቱ። አንድ ጊዜ ድመቷ በታጠበ አንሶላ ላይ ተኝታ አገኟትና «ኧረ እባክዎ ይነሱልኝ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ድመቷ አልተነሳችም። አንቱ ሲሏት ኮራች መሰለኝ።

እኛም አንቱታቸውን መለስንላቸው። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፤ እየቆየ ሹፈቱ ተረሳና አንቱታው ቀረ። አለቃችን እንኳ «አንቱ ስትሉኝ የሴት አያቴን አክላለሁ» ብላ ስለከለከለችን፣ በዚያ ቤት አንቱ የሚባሉት እሳቸው ብቻ ሆኑ። ይህን ልብ በሉልኝ። መዘዙ የመጣው ከዚሁ ነው።

አንደበታቸውን እንዲህ ያሰረው አስተዳደጋቸው ነው። እናት አባታቸው በልጅነታቸው ሞተውባቸው በሰው ቤት አደጉ። የቤቱ እመቤት ወንድ ልጅ ወለደችና ሕፃኑን የማዘል ሥራ ለእሳቸው ተሰጠ፤ «ጌታሽ ነውና አንቱ በይው» ተብለውም ታዘዙ። ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ሲያስነጥስ «ይማርዎ» እያሉ አሳደጉት። ያ ሕፃን አፉን ሲፈታ ያላቸውን ልንገራችሁ? «አንቺ!»

ኋላ አንድ የመጋዘን ዘበኛ አገቡ። ደግ ሰው ነበሩ አሉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። «እስቲ አንድ ቀን እንኳ አንተ በይኝ፤ ባልሽ ነኝ እኮ፣ ዳኛ አይደለሁም» እያሉ ይለምኗቸው ነበር። እትዬ አንቱም «አን…» ብለው ይጀምሩና በመዳፋቸው አፋቸውን ይዘው መሳቅ ነው። ሰውየው ታመው አልጋ ላይ ሲውሉም «ውሃ ላቅርብልዎ?» እንጂ ሌላ አልወጣቸውም። ባልየው ያችን ቃል ሳይሰሙ ሞቱ።

እኔና እሳቸው የምንኖረው ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ፣ አለቃችን ለሠራተኞቿ በሰጠችን ሁለት ጎን ለጎን ክፍሎች ውስጥ ነው። የሚለየን ስስ ጣውላ ነው። እኔ ሳስነጥስ እሳቸው በወዲያ በኩል «ይማርዎ» ይላሉ። እንግዲህ ጸሎታቸውን ብሰማ ወሬ ወዳድ እንዳትሉኝ፤ ወሬ ብወድም ይህ ግን የጣውላው ጥፋት ነው።

ጸሎታቸው እንዲህ ነበር፦

«ጌታዬ፣ እንደምን አደሩ? ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ። ሲመችዎ ጉልበቴን ቢያዩልኝ። ካልተመቸዎ ግን ይቆይ፤ ከእኔ የባሰበት ይቅደም።»

አንድ ጠዋት አላስቻለኝም። ከውሃ ቧንቧው አጠገብ አገኘኋቸውና፣ «እትዬ፣ እግዚአብሔር አንቱ ይባላል እንዴ?» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ይባላሉ?»

«ሰው ሁሉ አንተ ነው የሚለው!»

ባልዲያቸውን አስቀመጡ። «ካልሲ የሚያመጣልንን ሰው ሁሉ አንቱ ስል ውዬ፣ ለፈጣሪዬ ሲሆን አንተ ልበል? ይህ ምን ዓይነት ድፍረት ነው?»

«ድፍረት አይደለም፤ ቅርብ ስለሆነ እኮ ነው።»

«እርስዎን ይቅረብዎ» አሉኝ ፈገግ ብለው። «እኔን ከደጃፋቸው ካላባረሩኝ ይበቃኛል።» ባልዲያቸውን አንስተው ሄዱ። ቅሬታ የለበትም አነጋገራቸው። እኔ ግን አንጀቴን በላኝ፤ ከሰው ደጃፍ አልፈው የማያውቁ ሰው፣ እዚያም ደጅ ቆመዋል ማለት ነው።

የእትዬ አንቱ ሥራ ኪስ መፈተሽ ነው። ልብስ ማሽን ከመግባቱ በፊት ኪሱን ሁሉ ይገለብጣሉ። ያገኙትን በትንሽ ፖስታ ከተው የደንበኛውን ቁጥር ይጽፉበትና፣ እንግዳ መቀበያው ክፍል ካለው ሰሌዳ ላይ ይሰቅሉታል። ቁልፍ፣ እርሳስ፣ የከረሜላ ልጣጭ፣ አንዴ እንዲያውም ሰው ሠራሽ ጥርስ። ልጣጩን እንኳ አይጥሉም፤ «ምናልባት የፍቅር ማስታወሻ ቢሆንስ» ይላሉ።

አንድ ቀን የጥርስ ሐኪሟ ግራጫ ካፖርት መጣ። ሐኪሟ ከሕንፃው ማዶ የምትሠራ ደንበኛችን ናት። ጓንት ስታጠልቅ ቀለበቷን አውልቃ ኪሷ የመክተት ልማድ አላት፤ ያን ቀን እዚያው ረስታዋለች። ቀለበቱ የሟች እናቷ ነበር። እትዬ አንቱ ከካፖርቱ የውስጥ ኪስ አገኙት፣ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩት፣ ፖስታ ውስጥ ከተው ሰቀሉት። ለእንግዳ ተቀባይዋም «የሐኪሟ ቀለበት ተሰቅሏል፤ ሲመጡ እንዳይረሱ» ብለው ጮክ ብለው ነገሯት። እኔ ሰምቻለሁ። ተኳሹም ሰምቷል።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሟ ስትመጣ ፖስታው የለም።

ተቀባይዋ ሰሌዳውን አየች፣ ከሰሌዳው ሥር አየች፣ መሳቢያውን ገለበጠች። በዚህ መሀል ተኳሹ ቦርሳውን አንግቶ ከጓዳ እየሮጠ ወጣ። እናቱ ገጠር ታመውበት አለቃችን ፈቃድ ሰጥታው ነበር፤ የሚሳፈርበት መኪና ውጭ ጥሩንባውን ይነፋል። ተኳሹ ደህና ልጅ ነው፤ ግን ቃል ይቆጥባል። አፉንም አብሮ የተኮሰው ይመስለኛል።

«የሐኪሟን ቀለበት አይተሃል?» ብላ ጠየቀችው።

«ወሰዱት!» አለና በሩን ወርውሮት ሄደ።

ወሰዱት። እንግዲህ በእኛ ቋንቋ ይህ ቃል ለብዙ ሰዎችም ይሆናል፣ ለአንድ የተከበረ ሰውም ይሆናል። ተቀባይዋ ለማሰብ ጊዜ አላጠፋችም። በዚያ ቤት «እሳቸው» የሚባል ሰው አንድ ብቻ ነው።

ወሬው ጓዳ ሲደርስ እትዬ አንቱ የአንድ ሱሪ ኪስ እየገለበጡ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሁሉም ከሰማ በኋላ ነው የሰሙት። አለቃችን ከፊታቸው ቆመችና፣ «አንቺ፣ ቀለበቱን አምጪ» አለች።

እኔን ያስደነገጠኝ ክሱ ሳይሆን ያ «አንቺ» ነው። ስንት ዘመን ያጠራቀምነው አንቱታ በአንዲት ቃል ወለሉ ላይ ተደፋ።

«ሰቅዬዋለሁ እኮ፣ እመቤቴ» አሉ። ሱሪውን እንደያዙ ነው።

«ስትሰቅይውማ አይተናል። ማን አወረደው ነው ጥያቄው። ስትወስጂው ያየ ሰው አለ!»

እኔ አፌ አያርፍም። «ልትሰርቅ ያሰበች ሴት አገኘሁ ብላ ታውጃለች?» አልኩ። አለቃችንም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለችኝ፤ የራሷን ቤት ከሰው ጋር አብሮ የሚመነጥር ተረት! ለወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ከማጠቢያው በኩል ደግሞ አንዷ «ዝምተኛ ሰው ድሮም አላምንም» ስትል ሰማሁ። ትናንት ራስ ምታቷን ያሹላት እትዬ አንቱ ነበሩ።

ወደ ተኳሹ ስልክ ቢደወል አይሠራም፤ የሄደበት ቦታ ኔትወርክ የለም። ከዚያ ክፍላቸውን ፈተሹ። ሳጥናቸውን ያገላበጠችው ተቀባይዋ ናት፣ እትዬ አንቱ በሩ ጥግ ቆመው «ቀስ ይበሉ፣ ክዳኑ እጅዎን እንዳይዝዎ» ይሏታል። ከታች በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ተገኘ። አለቃችን ቀምታ ፈታችው። የዘበኛ ፊሽካ ነበር። እትዬ አንቱ ፊሽካውን ተቀበሉ፣ በጨርቁ መልሰው ጠቀለሉት፣ ደረታቸው ላይ ያዙት። ያኔ ነው እንባቸው የወረደው።

አለቃችን ስትወጣ የተናገረችው ይህን ነው፦ ሐኪሟ ለፖሊስ ልናገር ብላለች፤ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ቀለበቱ ካልተገኘ ከሥራም ከክፍሉም ይወጣሉ። በዚያ ዕድሜ፣ ሌባ የሚል ስም ተለጥፎባቸው፣ የሌላ ሰው ኪስ ማን ያስነካቸዋል? ዘመድ የላቸውም። ያላቸው ያ ክፍልና ያ ስም ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጸጉሬን እያበጠርኩ ነበር። ከጣውላው ማዶ «ጌታዬ፣ እንደምን አደሩ» የሚለውን ጠበቅኩ። የለም። ሴትየዋ ምን ሆኑ ብዬ ልነሳ ስል፣ ድምፅ መጣ። የእሳቸው መሆኑን ለማመን ቸግሮኛል።

«አንተ!»

ማበጠሪያዬ እጄ ላይ ቀረ።

«አንተ፣ የት ነህ? እዚያ አልነበርክም? ስሰቅለው አላየኸኝም? ምነው ታዲያ ዝም አልክ? ሌባ ሲሉኝ እየሰማህ ዝም ትላለህ? እኔ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። አንተ ነህ ያለኸኝ። ቅረበኝ። ባትፈርድልኝም ግድ የለም፣ ብቻ ቅረበኝ…»

ቆም አሉ። አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ሰማሁ።

«አይ፣ ግድ አለኝ። ፍረድልኝ! ምን አድርጌ ነው የማትፈርድልኝ? ፍረድልኝም፣ ቅረበኝም። ሁለቱንም።»

እኔ ሳቅና ለቅሶ ባንድ ላይ መጣብኝ። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ለራሴ የምጸልየው ብዙ ነገር እያለኝ፣ «እባክህ ስማት» ከማለት በቀር አንድም ቃል አልወጣኝም። ከዚያ ከማዶ ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተጨመረ፦ «ተቆጣሁህ እንዴ? አትቀየመኝ። እንደሱ ሆኜ አላውቅም።»

የዚያን ዕለት እትዬ አንቱ ሥራ ገቡ። ኪስ መፈተሹን ነጥቀዋቸው የቆሸሸ ፎጣ እንዲለዩ ተደርገዋል። ተቀባይዋ ባጠገባቸው ስታልፍ ቦርሳዋን ወደ ጎኗ ሳብ ታደርጋለች። እሳቸው ግን «እንደምን አደሩ» ይሏታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያልኩ ላጽናናቸው ሞከርኩ። ምን ዋጋ አለው፣ «እያደር» የሚለው ቃል ለሚጠብቀው ሰው ረጅም ነው።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል አለቃችን ጠራቻቸው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፖሊስ በሯ ላይ እንዲቆም የማትፈልግ ሴት ናት። እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ቁልፍ እየተከልኩ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ሐኪሟን ለምኛታለሁ» አለች። «ወስጄው ነበር፣ ከእጄ ጠፋ፣ ይቅርታ በያት። በቃ ትተወዋለች። አንቺም ክፍልሽ ውስጥ ትኖሪያለሽ። አንዲት ቃል ናት።»

እትዬ አንቱ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ዕድሜ ልካቸውን «እሺ» ያሉ ሰው ናቸው፤ እሺ የሚሉ መስሎኝ መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

«እመቤቴ፣ ያዘዙኝን ሁሉ እሺ ስል ኖሬያለሁ» አሉ። «ይህን ግን አልልም። እሱ አይቷል። እሱ እያየኝ እንዴት ብዬ ነው የምዋሸው?»

አለቃችን ዞር ዞር አለች። «ማነው ያየው?» ብላ እኔ ላይ አፈጠጠች። እትዬ አንቱ «እሱ» የሚሉት ሰው በዓለም ላይ ስለሌለ፣ ያልተጠራ ምስክር የተገኘ መስሏት ነው።

«እግዚአብሔር ነዋ» አሉ እትዬ አንቱ።

አለቃችን ለመሳቅም ለመቆጣትም አልሆነላት። «እንግዲያው ሰኞ ጠዋት ክፍሉን ልቀቂ» አለችና ወጣች።

ሰኞ ማለዳ ሳጥናቸውን በገመድ እያሰርንላቸው ነበር፤ ማለትም እኔ አስራለሁ፣ እሳቸው «አይድከሙ» ይላሉ። ተኳሹ ከነቦርሳው ግቢ ገባ። እናቱ ድነውለት ፊቱ በርቷል። ሳጥኑን ሲያይ ግን ቆመ።

«እትዬ፣ የት ሊሄዱ ነው?»

ገመዱን ጥዬ ተነሳሁበት። «አንተ አይደለህ ወሰዱት ብለህ ያስባረርካቸው!»

«ማን? እሳቸው?» ዓይኑ ፈጠጠ። «ሽማግሌውን ማለቴ ነው እኮ! የሐኪሟን አባት! ተቀባይዋ ምሳ ወጥታ ሸሚዛቸውን ሊወስዱ መጡ። ከሰሌዳው ላይ ሸሚዛቸው የገባበትን የልጃቸውን ቁጥር አዩ፣ ፖስታውን ከፈቱት፣ ‹የእኛ ነው› አሉኝ። አባቷ ናቸው ብዬ ሰጠኋቸው። ወሰዱት! ታዲያ ሽማግሌ ሰው ‹ወሰደው› ልበል?»

ከዚያ በፊት ይህን ያህል ሲናገር ሰምተነው አናውቅም። ያንን ሁሉ ከመሳፈሩ በፊት ቢናገረው ምን ነበረበት! እትዬ አንቱ ሳጥናቸው ላይ ቁጭ አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው በከንፈራቸው አንዲት ቃል ብቻ አሉ። አልሰማኋትም፤ የከንፈራቸው አነሳስ ግን «አንተ» የሚል ይመስላል።

አለቃችን፣ ተኳሹ፣ እትዬ አንቱና እኔ ወደ ሐኪሟ ቤት ሄድን። ሐኪሟ በር ላይ ሰማችን። «አባቴ? ቢወስደው ኖሮ ይነግረኝ ነበር» አለች፤ ይህን እንዳለችም ፊቷ ላይ አንድ ፍርሃት አለፈ። አባትየው መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሸሚዛቸው የእኛ ተኳሽ የተኮሰው ነው፤ ቁልፉን ግን አንድ ቀዳዳ አዛንፈው ቆልፈውታል።

እትዬ አንቱ ጎንበስ ብለው፣ «ጌታዬ፣ ከልብስ ማጠቢያው የወሰዱት ቀለበት ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«የእሷ? አለ እንጂ» አሉ ሽማግሌው። ተነስተው እየመሩን ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ከአልጋው ባዶ ጎን፣ ከመብራቱ ሥር፣ ትንሽ የሸክላ ሳህን ነበረች። ቀለበቱ እዚያ ውስጥ ነበር። «ማታ ማታ ጣቷ ያብጣል። ስታወልቀው እዚህ ነው የምታስቀምጠው። ስትመጣ እንዳታጣው ብዬ ነው።»

ሐኪሟ ግድግዳውን ተደገፈች። እናቷ ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ለካ ከቀለበቱ የበለጠ የሚጠፋ ነገር ቤቷ ውስጥ ነበር።

አለቃችን ተነፈሰችና፣ «አይ አባባ፣ እኛን እኮ ሰው አስከሰሱን…» ብላ ጀመረች።

«ይተዉ!» አሉ እትዬ አንቱ። የሰው ንግግር ሲያቋርጡ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «የራሳቸውን ነው የወሰዱት። ምንም አላጠፉም።» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረው የተዛነፈውን ቁልፍ ፈትተው ከቦታው አገቡላቸው። ሽማግሌውም እንደ ልጅ አገጫቸውን ቀና አድርገው ቆሙላቸው።

ሐኪሟ እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። «ይቅር ይበሉኝ» አለች። እሳቸውም ይቅር አሉ፤ «ቀለበቱን ግን ለጊዜው እዚያው ይተዉላቸው» አሏት።

መንገድ ላይ አለቃችን በጎናቸው እየሄደች፣ «እትዬ፣ አሳዝኜዎታለሁ» አለች። አንቱታው ተመልሶ መጣ። እትዬ አንቱ ቆሙ። «ሌባ ያሉኝ በሰው ፊት ነው፣ እመቤቴ። አልሰረቀችም የሚሉትም በሰው ፊት ይሁንልኝ።» አለቃችን ማሽኖቹን አስቁማ፣ ሁላችንንም ሰብስባ ተናገረች። ተቀባይዋ ሳጥናቸውን ራሷ ተሸክማ ወደ ክፍላቸው መለሰችው፤ በደንብ ይክበዳት ብዬ አላገዝኳትም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጆሮዬን ጣውላው ላይ ለጠፍኩ። አዎ፣ ለጠፍኩ፤ አሁን የጣውላው ጥፋት ነው አልልም። ነገሩ ተስተካክሏል፣ ሥራውም ክፍሉም ተመልሷል። እንግዲህ «እንደምን አደሩ» ሊሉ ነው አልኩ።

«አንተ፣ እንደምን አደርክ?» አሉ። ከዚያ የተለመደው ጉልበታቸው ተከተለ፤ «ሲመችህ» የሚል ግን አልነበረበትም።

ቧንቧው አጠገብ ጠበቅኳቸው። «እትዬ፣ ድፍረት ነው ይሉኝ አልነበር?» አልኩ እየሳቅሁ።

ባልዲያቸውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን ሽርጣቸው ኪስ ከተው የባላቸውን ፊሽካ ዳበስ አደረጉ።

«አንዱ ይችን ቃል እንደናፈቀ ሞተብኝ» አሉ። «ይኼኛውን በጭንቄ ቀን አንተ ብዬ ጠርቼው መጥቶልኝ፣ ሲደላኝ መልሼ አንቱ ብለው፣ ምን አጠፋሁ አይለኝም?»